ለሽማግሌ የተሰጠ ኢንተግራል

ሴት ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ለሽማግሌ የሚያቀርበው ጥያቄ አያጣም። አንዱ ቤት «ልጁ የማን ልጅ ነው?» ይላል። ሌላው «የት ነው የሚያመልከው?» ይላል። ሦስተኛው «ሥራው ምንድን ነው?» ብሎ ያፋጥጣል። የእኛ ቤት ጥያቄ ምን መሰላችሁ? ከዜሮ እስከ አንድ ያለው የሳይን ኢንቨርስ ኢንተግራል።

ሳቁ፤ ግድ የለም። እኔም እየሳቅሁ ነው የምጽፈው። ያኔ ግን የጓዳውን መጋረጃ በጥርሴ ነክሼ ላለማልቀስ ስታገል ነበር።

አባቴን ላስተዋውቃችሁ። ታቦር ሰፈር ወጥታችሁ «የቲቸር ማቴዎስ ቤት» ብትሉ የባጃጅ ሹፌር ሁሉ በር ድረስ ያደርሳችኋል። ግማሾቹን አስተምሯቸዋል፤ ግማሾቹን አስተምሮ ጥሏቸዋል። ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ አስተምሮ ጡረታ ወጣ። የወጣው ግን ከትምህርት ቤቱ ነው እንጂ ከሒሳቡ አይደለም። አንድ ቀን ጎረቤታችን ጋሽ ታደለ ጣሪያ ላይ ወጥተው ቆርቆሮ ሲመቱ መሰላሉ ተንሸራቶ ወደቀ። ሰፈሩ ተንጫጫ። አባቴ ሁሉንም ዝም አሰኘና የግድግዳውን ቁመት ጠየቀ። ቀጥሎ የመሰላሉ እግር ከግድግዳው ምን ያህል ይራቅ ብሎ አሰበ። አንዱን ለአንዱ አካፈለ፤ «አሁን ታንጀንት ኢንቨርስ» አለ፤ መሬት ላይ በእንጨት ጻፈ፤ አጠፋ፤ እንደገና ጻፈ። መሰላሉ በስንት ዲግሪ ቢቆም እንደማይንሸራተት አግኝቶ ቀና ሲል፣ ጋሽ ታደለ በአቮካዶው ዛፍ ወርደው አጠገቡ ቆመዋል። «ስንት መጣ ቲቸር?» አሉት።

የዚህ ሰው ልጅ ነኝ። እኔም ሒሳብ ተምሬ ተመርቄያለሁ። አሁን በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። ሥራው ተስማምቶኛል፤ ግድግዳው ላይ «ዝም በሉ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እኔ ደግሞ ወረቀት ባይለጠፍም ዝም የምል ሰው ነኝ። ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለማፍር፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ ስንቴ በእግሬ ወደ ኋላ እንደተመለስኩ እግዜር ይቁጠረው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? አይነቅዝም። እግር ግን ያሳብጣል።

ዮናስን ያገኘሁትም በእግሬ ስሄድ ነው። እሱ መንገድ ቀያሽ ነው፤ ሰርቬየር የሚሉት። ሰፈራችን ውስጥ ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን ተክሎ በአንድ ዓይኑ ያያል። እኔ እንደ ልማዴ እያነበብኩ እሄዳለሁ።

«እህቴ፣ ይቅርታ፣ መስመሩ ላይ ቆመሻል» አለኝ።

ወደ ግራ ፈቀቅ አልኩ። አሁንም አለኝ። ወደ ቀኝ ፈቀቅ አልኩ። አሁንም አለኝ። የጎረቤት አጥር ላይ ተለጥፌ ልቀር ስል ሳቀ። በኋላ እንደነገረኝ መጀመሪያ ፈቀቅ ስል መስመሩ ተለቆ ነበር። የቀረውን ያዘዘኝ ለራሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ አንድ ዓመት ሙሉ በሐይቁ ዳር ተራመድን። እሱ ያወራል፤ እኔ እሰማለሁ። ስለ ዳገት፣ ስለ ቁልቁለት፣ ስለ ማዕዘን ያወራል። እንዲህ ዓይነት ነገር የሚያወራ ወንድ ሌላ ቦታ አለ? አንድ ቅዳሜ «ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ። በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ። በሕይወቴ ካደረግሁት ንግግር ሁሉ ረጅሙ እሱ ነበር።

ሽማግሌዎቹ አንድ እሑድ ከሰዓት መጡ። ሦስት ናቸው። መሪያቸው ጋሽ ጴጥሮስ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምረው እስኪጨርሱ ሻይ ይበርዳል። ሁለተኛው ጋሽ ላሚሶ፣ የዮናስ አጎት፤ መናኸሪያ አካባቢ የመስታወት ሱቅ አላቸው። ሦስተኛው ጋሽ ዳንጊሶ፤ የሳቸው ሥራ ሌሎቹ በተናገሩ ቁጥር «ልክ ነው» ማለት ነው። ወጉን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም፤ የምትጠየቀው ልጅ ደግሞ ጓዳ ትገባለች፤ ድምጿ አይሰማም። ይህች ሁለተኛዋ ለእኔ የተሠራች ሕግ ናት። ከእናቴ ጋር ከመጋረጃው ኋላ ቆምኩ።

ጋሽ ጴጥሮስ በዝግታ፣ በአክብሮት፣ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። ተዘጋጅተው ነው የመጡት። የዮናስን ዘር እስከ ሰባት ትውልድ አጥንተዋል፤ የሥራ ቦታውን፣ የሚያመልክበትን፣ ሁሉን ይዘዋል። አባቴ አንዱንም አልጠየቀም። ወረቀት አስመጣና ያንን ኢንተግራል ጻፈበት።

«እንግዲህ የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፣ እኔ ዘር አልቆጥርም። ይህን የፈታ ሰው ልጄን ያገባል። በሁለት ሳምንት መልሱን ይዛችሁ ኑ።»

 ጋሽ ጴጥሮስ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ራቅ አድርገው አዩት።

«ቲቸር፣ ይቺ እንደ መንጠቆ የተጣመመችው ምንድን ናት?»

«የድምር ምልክት ናት፤ ተስባ ረዝማ ነው።»

«ልክ ነው» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ።

«ቲቸር፣ ከብት ቢጠይቁን አይሻልም?» አሉ ጋሽ ላሚሶ።

አባቴ አልሳቀም። እናቴ ከመጋረጃው ኋላ ደረቷን ይዛ «ልጄ ቆማ ቀረች» አለች። እውነቷን ነው። አባቴ ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት ለአንድ ባንክ ሠራተኛ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር። ወረቀቱን ይዘው ወጡ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ልጁ ሌላ አግብቶ መንታ ወልዷል አሉ። ለዚያኛው ግድ አልነበረኝም። ለዚህኛው ግን ነበረኝ። ስለ ዳገት የሚያወራልኝ ሰው ከየት ነው የሚመጣው?

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አባቴ ጓዳ ገብቶ አስጠነቀቀኝ። ለዮናስ አንዲት ፍንጭ እንዳልሰጥ ቃል አስገባኝ። ያን ጊዜ እንኳ እንደ ምንም ደፍሬ ለምን ይህን ጥያቄ እንደመረጠ ጠየቅሁት። ዓይኑ በራ። አስተማሪን አንዴ «ለምን?» ካላችሁት እራቱንም ይረሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሒሳብ ጠላቶችም ብትሆኑ አትሽሹ። ሳይን ማዕዘን ሲሰጡት ቁጥር ይመልሳል። ሳይን ኢንቨርስ ግልባጩ ነው፤ ቁጥር ሲሰጡት ማዕዘኑን ይነግራል። ይህን በሥዕል ብታደርጉት፣ ስፋቱ አንድ፣ ቁመቱ አንድ ነጥብ አምስት ሰባት የሆነ ሳጥን ውስጥ፣ ከታች ከጥግ ተነሥቶ ላይኛው ጥግ የሚደርስ ጎባጣ መስመር ይሆናል። ጥያቄው ከመስመሩ በታች ያለው ቦታ ስንት ነው የሚል ነው። ፊት ለፊት ከገጠማችሁት ረጅም ሥራ አለው። ወረቀቱን በጎኑ ካዞራችሁት ግን ከመስመሩ በላይ የነበረው ቦታ ተራ የሳይን ቦታ ሆኖ ቁጭ ይላል። እሱ ደግሞ ልክ አንድ መሆኑን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያውቃል። ከሳጥኑ ላይ አንድ ትቀንሳላችሁ፤ የቀረው መልሱ ነው። ዜሮ ነጥብ አምስት ሰባት። አለቀ።

«ባል ማለት ወረቀት የሚያዞር ሰው ነው» አለ አባቴ። «ነገር ሲጠብቅበት በጉልበት የማይገፋ፤ ዞር ብሎ ከሌላው ወገን የሚያይ።»

«አንተ መቼ አዙረህ ታውቃለህ?» አለች እናቴ።

አባቴ ሬዲዮ ሊሰማ ወጣ።

ሁለቱ ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ አትጠይቁኝ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የኬሚስትሪ መጻሕፍትን ከታሪክ ጋር ደረደርኩ። ዮናስ ይደውላል፤ ገና ሄሎ ሳልል «አትንገሪኝ! ራሴ ነው የምሠራው» ይላል። እኔ መቼ ልናገር አልኩ? አንድ ማክሰኞ ጨርሻለሁ ብሎ ደወለ። በረጅሙ መንገድ፣ ደረጃ በደረጃ ሄዶበት፣ መጨረሻ ላይ ጥርት ብሎ መጣልኝ አለ። ስንት እንደመጣ አልጠየቅሁትም፤ ቃል አለብኝ። ግን ያን ቀን በደስታ ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» አልኩ። ጮክ ብዬ። ሹፌሩ ደንግጦ ቆመ።

የቀጠሮው እሑድ ደረሰ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ሳሎኑ ውስጥ ሐይቅ ዳር እንደሚቆሙት አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ተደርድረው ቆሙ። ጋሽ ጴጥሮስ ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው መሐል ወረቀቱን አወጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጃችን በእግዚአብሔር ረዳትነት ፈትቶታል። መልሱ... ሰማንያ... ዘጠኝ ነው።»

«ልክ ነው» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ።

እኔ ከመጋረጃው ኋላ ራሴን ያዝኩ። ሰማንያ ዘጠኝ! ዮናስ ምን እንደሠራ ወዲያው ገባኝ። ማዕዘን በሁለት ዓይነት ይለካል፤ በዲግሪና በራዲያን። ካልኩሌተር ላይ ሁለቱም አሉ፤ የፈለጋችሁትን መርጣችሁ ትሠራላችሁ። እንዲህ ያለ ኢንተግራል የሚሠራው በራዲያን ብቻ ነው። የዮናስ ካልኩሌተር ግን የቀያሽ ካልኩሌተር ነው፤ ከተገዛ ጀምሮ ዲግሪ ላይ ነው የኖረው። ልጁ ሥራውን ሁሉ በትክክል ሠርቶ፣ መጨረሻ ላይ «የአንድ ሳይን ኢንቨርስ ሲቀነስ አንድ» ጋ ደርሷል። ካልኩሌተሩን ሲጠይቀው አንድ ነጥብ አምስት ሰባት ማለት ሲገባው ዘጠና አለው። ከዘጠና አንድ ቀነሰ። ሰማንያ ዘጠኝ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህ ደግሞ ሳይቸኩል ነው ያፈሰሰው።

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ላሚሶ ነጋዴ ናቸው፤ የደንበኛ ራስ ሲነቀነቅ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ።

«በዛ?» አሉ።

«በጣም።»

«እንግዲያው ሰማንያ ይሁን።»

«ጋሽ ላሚሶ፣ ይህ ገበያ አይደለም።»

«ሰባ። ለልጅ ሲባል ቲቸር።»

«ኧረ አይሆንም።»

«ሃምሳ! ከዚህ በታች ግን ልጁንም ማማከር አለብን።»

ጋሽ ጴጥሮስ ወንድምዬ ተው እያሉ የጋሽ ላሚሶን ኮት ይጎትታሉ። እናቴ አፏን በእጇ አፍና ትንፈራፈራለች፤ ትሳቅ ታልቅስ አላወቅሁም። አባቴ ወንበሩን ወደ ጋሽ ላሚሶ አስጠጋ።

«እርስዎ መስታወት ነጋዴ ነዎት። ስፋቱ አንድ ሜትር፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሃምሳ ሰባት የሆነ መስኮት ስንት ካሬ መስታወት ይበላል?»

«አንድ ካሬ ተኩል። ትንሽ ከፍ ይላል።»

«የጠየቅሁት የዚያን መስኮት ከፊሉን ነው። ልጃችሁ ሰማንያ ዘጠኝ ካሬ አለ።»

ጋሽ ላሚሶ ፊታቸው ተለዋወጠ። ሙያቸው ተነካ። ወደ ጋሽ ጴጥሮስ ዞረው «ጴጥሮስ፣ ይህ ልጅ ፎቅ ሊሠራ ነው እንዴ?» አሉ። ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም። ለአንድ መስኮት ሰማንያ ዘጠኝ ካሬ ያለ ሰው የእህታቸው ልጅ ቢሆንም አይከላከሉለትም።

አባቴ ወረቀቱን አጠፈው። አንዴ፤ ሁለቴ። «እንግዲህ...» አለ።

ይህችን «እንግዲህ» ተማሪዎቹ ሁሉ ያውቋታል። ከእሷ በኋላ ያለፈ ተማሪ የለም። ባንክ ሠራተኛው ትዝ አለኝ፤ መንታዎቹ ትዝ አሉኝ። ዮናስ ሌላ ሴት «መስመሩ ላይ ቆመሻል» ሲላት ታየኝ።

«ዲግሪ ላይ ነው! ካልኩሌተሩ ዲግሪ ላይ ነው!»

ማን እንደጮኸ ለማየት እኔም ዞሬያለሁ። ከኋላዬ እናቴ ብቻ ናት፤ አፏን ከፍታ ታየኛለች። ቀጥሎ የማውቀው ሳሎኑ መሐል መቆሜን ነው። መጋረጃው ከነዘንጉ ተነቅሎ ትከሻዬ ላይ ነው፤ ዘንጉ ከኋላዬ ወለሉን እየፋቀ ይጎተታል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። ወለም ካለ ወዲያ ግን ምን ይደረግ? ወረቀቱን ከአባቴ እጅ ወሰድኩ።

ዮናስ ሥራውን አልተሳሳተም አልኩ። ሲለካ የዋለበት መለኪያ ነው ያሳሳተው አልኩ። ግን በአጭሩ መንገድ ይታያል ብዬ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ጋሽ ላሚሶን በመስታወት አስረዳኋቸው። መስኮቱን ከጥግ እስከ ጥግ በጎባጣ መስመር ቆረጥነው እንበል፤ ሁለት ቁራጭ ይወጣል። የላይኛውን ቁራጭ እንዲህ እናዞረዋለን። ይህ ልክ አንድ ካሬ ነው። ስለዚህ በእጃችን የቀረው የታችኛው ነው። ጋሽ ላሚሶ በጣታቸው መስመሩን ተከትለው «ጎባጣ መቁረጥ ከባድ ነው እንጂ ሌላው ገብቶኛል» አሉ። ጋሽ ጴጥሮስ መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። ሁላችንም ወደ ጋሽ ዳንጊሶ ዞርን።

«ቆዩ» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ። «እዚህች ጋ አልገባኝም።»

ሦስቱም ሽማግሌዎች ቆመው እንደነበር እንኳ ረስተው ተቀመጡ። እኔ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሳይን ምንድን ነው፣ ማዕዘን ምንድን ነው፣ ዘጠና ዲግሪ ለምን አንድ ነጥብ አምስት ሰባት ራዲያን ይሆናል። እናቴ በኋላ እንደነገረችኝ ምድጃ ላይ ያለው ውሃ ፈልቶ፣ ተንኖ፣ ጀበናው እስኪሸት አውርቻለሁ። የሃያ አምስት ዓመት ንግግር ነው፤ ተጠራቅሞ ነበር። የሚገርመው ደስ አለኝ።  ጋሽ ዳንጊሶን ጠይቄያቸው መለሱ፤ ተሳሳቱ፤ አረምኳቸው፤ መጨረሻ ላይ ጠረጴዛውን መትተው «አሁን ልክ ነው!» አሉ።

ስጨርስ አባቴን አየሁት። እንባ እንዳቀረረ ሰው ዓይኑን ያርገበግባል። ሽማግሌዎቹ ፊት የጓዳ ልጅ ወጥታ ስለተናገረች ይቆጣ ይሆን? ልጁ ስላልፈታው ይመልሳቸው ይሆን? ሁላችንም አፉን ጠበቅን።

«እኔ ቃሌን አላጥፍም» አለ። «ይህን የፈታ ሰው ያገባል ብያለሁ። ልጃችሁ አልፈታውም። የፈታችው ልጄ ናት። ስለዚህ ማግባት ያለባት እሷ ናት። በሉ ተነሡና ልጃችሁን ለልጄ ጠይቁልኝ።»

«ቲቸር፣ እኛ እኮ የወንዱ ሽማግሌዎች ነን» አሉ ጋሽ ጴጥሮስ።

«ነበራችሁ።»

ጋሽ ላሚሶ ጮክ ብለው ሳቁ። ነጋዴ አይደሉ? ለወንዱ ሊገዙ መጥተው ለሴቷ ገዢ ሆነው ወጡ። ሦስቱም ባጃጅ ይዘው ወደ ጉዱማሌ አካባቢ፣ ወደ ዮናስ ቤት ወረዱ።

የዮናስ እናት ወይዘሮ አስቴር፣ ሽማግሌዎቼ የምሥራች ይዘው ይመለሳሉ ብለው ምግብ አቅርበው ጠብቀዋል። ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ ግን አልተቀመጡም። እጅ ታጥቦ ይቀርባል ቢሏቸው «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀምስም» አሉ። ወይዘሮ አስቴር አበዳችሁ ወይ አሏቸው። ጋሽ ጴጥሮስ በዝግታ፣ በአክብሮት፣ «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ። ጋሽ ዳንጊሶ ልክ ነው ከማለት አልፈው፣ በራሳቸው ፈቃድ፣ ልጅቷ ጎበዝ አስተማሪ መሆኗን መሰከሩ።

ወይዘሮ አስቴር ቀና አሉ። የወንድ ልጅ እናት ሆነው ሽማግሌ ይላክብኛል ብለው በሕልማቸውም አላሰቡም። ግን ወጉን ያውቁታል፤ ሦስት ሴት ልጆች ድረዋል። ልጅቷ የማን ልጅ ናት ብለው ጠየቁ። ዝምተኛ ናት ብላችሁኝ አልነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው «ይታሰብበታል፤ በሁለት ሳምንት ተመለሱ» አሉ።

ይህን ጋሽ ላሚሶ ስልክ ደውለው ሲነግሩን አባቴ ከወንበሩ ተነሣ። ምን የሚታሰብ ነገር አለው? ልጄ ምን ይጎድላታል? ሁለት ሳምንት ሰው ይንጠለጠላል ወይ? ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ተመላለሰበት። እናቴ የተነቀለውን መጋረጃ እየሰፋች ቀና እንኳ አላለችም። «ተቀመጥ ማቴዎስ» አለችው። «ጠያቂ ወገን ይጠብቃል።»

እኔስ? እኔ ስልኬን አየሁ። ከዮናስ መልእክት ገብቷል።

«እኔማ ገና በር ላይ ሳሉ እሺ ልላቸው ነበር። እማዬ ግን የሚጠየቀው ልጅ ድምፁ አይሰማም ብላ ጓዳ አስገባችኝ። እስካሁን አላስወጣችኝም። አንቺ ይህን እንዴት ቻልሽው?»